እንግዳው ምሁር ዓለም ገና መቼ ይደርሳል?

(ዓለም ገና ለተሰባሰቡ የፊልምና የቪዲዮ ባለሙያ ወጣቶች የተደረገ ንግግር)



የጠራችሁኝ ስለ ካሜራና ስለ ስክሪፕት አንድ ሁለት ነገር እንድል ነው። ስለ ካሜራ እናንተ ከኔ ይበልጥ ታውቃላችሁ። እኔ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ የምዞር፣ የወር ደመወዝ የማያውቀኝ ጋዜጠኛ ነኝ። ስለዚህ በማውቀው በኩል ልግባ፤ ስለ እንግዳ ላውራችሁ። ከባሕር ማዶ የኢትዮጵያን ፊልም ሊያጠና ስለሚመጣው ምሁርና ስለሚቀበለው ዩኒቨርሲቲ።

“ታዲያ ይሄ እኛን ምን አገባን?” የሚል አይጠፋም። ያገባችኋል! የአዲስ አበባ ፊልም ሠሪ “ገጠር” ሲያምረው ካሜራውን ጭኖ የሚወጣው ወደ ሱሉልታና ወደ እናንተ ነው። ተመልካቹም እናንተ ናችሁ። እንግዳው ምሁር ያጠናሁት የምንን አገር ፊልም ነው ሲል የናንተንም ጭምር ነው የሚለው። ግን ስንቶቻችሁ አግኝታችሁት ታውቃላችሁ?

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት የፊልም ማስተርስ ትምህርት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ2014 ነው። “ሂሩት አባቷ ማነው” በ1957 ዓ.ም. ከተሠራ ግማሽ ምዕተ ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። ያንን ፊልም ያዘጋጀው ላምብሮስ ዮካሪስ የሚባል የግሪክ ሰው ነበር። ድርሰቱ ግን የኛው የእላላ ኢብሳ ነው። በ1966 ዓ.ም. “ጉማ”ን ያዘጋጀው ሚሼል ፓፓታኪስም የግሪክ ዘር ያለበት ነው። የፊልም ታሪካችን ሲጀመር እንግዳ አብሮ ነበረ ማለት ነው፤ ግን ሥራ ይዞ፣ ባለአገሩን አጠገቡ አስቀምጦ፣ የሚታይ ነገር ትቶ። እንግዳን የምቃወም እንዳይመስላችሁ ነው ይህን ማንሳቴ።

የዛሬው አካሄድ ይኸውላችሁ። ለጥቂት ዓመታት እንጀራ ፍለጋ እንዲህ ያሉ ምሁራንን እየመራሁ፣ እያስተረጎምኩ ዞሬያለሁ። ወጣቶቹ “ፊክሰር” የሚሉት ሥራ ነው። የትኛው ተቋም እንደሆነ ይቆየን፤ የቋንቋም፣ የቲያትርም፣ የፊልምም ክፍሎች አይቻለሁ። በመጀመሪያ የድጋፍ ደብዳቤ አለ። ኃላፊው ለዲኑ ይጽፋል፣ ዲኑ ወደ ሌላ ቢሮ ይመራል፣ መዝገብ ቤቷ ሴትዮ ምሳ ወጥተዋል፣ ማኅተም የያዘው ሰውዬ ስብሰባ ላይ ነው። አንድ ሳምንት እንዲህ ያልቃል። እንግዳው የመጣው ደግሞ ለሦስት ሳምንት ነው! በሁለተኛው ሳምንት ቡና ይፈላለታል፣ የአንድ ሰዓት ሌክቸር ይሰጣል፣ ከተማሪዎች ጋር ፎቶ ይነሳል። በሦስተኛው ሳምንት ቦሌ ካፌ ቁጭ ብሎ ሁልጊዜ የሚጠየቁትን ያንኑ አምስት ስድስት ዳይሬክተሮች ይጠይቃል። እነሱም ለባለፈው እንግዳ ያሉትን ይደግሙለታል። ከዚያ ሻንጣ፣ ከዚያ ኤርፖርት።

አንዱን ለምኜ ወደዚህ አመጣሁት። ከአየር ጤና በታክሲ ተጋፍተን መጣንና አንድ ቪዲዮ ቤት ገባን። አግዳሚ ወንበር፣ ጭለማ፣ የሰው ላብ፣ ልጆቹ በአማርኛና በኦሮምኛ እየተቀባበሉ ከፊልሙ ጋር ሲከራከሩ። ሰውዬው ማስታወሻ መጻፉን ትቶ አፉን ከፍቶ ቀረ። ስንወጣ አንድ ልጅ እንድተረጉምለት ጠየቀኝ፤ “መጽሐፉ ሲያልቅ እዚህ ይመጣል ወይ?” ሰውዬው “እንዴታ!” አለ። ልጁ አሁን ጎረምሳ ሆኗል፤ መጽሐፉ ግን አልመጣም።

ሌላዋ እንግዳ መርካቶ ወስጄያት የድሮ ፊልሞች ቪሲዲና የቪኤችኤስ ካሴት በካርቶን ገዛች። ሻጩ አንዱን ካሴት ሲሰጣት “ይቺ የመጨረሻዋ ናት፣ ሌላ የለኝም” አለ፣ ዋጋ ለማስጨመር። እሷም ጨመረች። ሕጋዊ ግብይት ነው፤ ሌባ የለበትም። ግን ያ ፊልም ዛሬ የሚገኘው የኛ ተማሪ ቪዛ የማያገኝበት አገር ነው።

ይህ ቅዠት አይደለም። ፕሮፌሰር ኃይሌ ገሪማ “ምርት ሦስት ሺህ ዓመት”ን የቀረጹት እዚሁ አገራችን፣ በ1966 ዓ.ም.፣ የንጉሡ ሥርዓት በሚናድበት ወቅት ነው። ፊልሙ እ.ኤ.አ. በ2006 እንደ አዲስ ታድሷል። የት? ጣሊያን አገር፣ ቦሎኛ ከተማ። ላደሱት ምስጋና ይግባቸው፤ ባያድሱት ጠፍቶ በቀረ ነበር። እኛ ግን አንድ የፊልም ጥቅል የሚታከምበት ላቦራቶሪ ይዘን ብንጠብቃቸው ኖሮ፣ ባለሙያው እንግዳ ሆኖ የሚመጣው እኛ ዘንድ፣ ልጆቻችንም አጠገቡ ቆመው የሚማሩት ሙያ ይሆን ነበር።

ደግ ምሳሌም አለ። እ.ኤ.አ. በ2018 ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ፕሬስ ስለ ኢትዮጵያ ፊልም ታሪክና ፖለቲካ አንድ ወፍራም መጽሐፍ አሳትሟል። አርታኢዎቹ ሦስት ናቸው፤ ማይክል ቶማስና አሌሳንድሮ ጄድሎውስኪ ከውጭ፣ አቦነህ አሻግሬ ከኛው። እንግዳና ባለቤት እኩል ስማቸው ሽፋን ላይ ሰፍሯል። እኔ የምለው እንዲህ ነው! የቀረው ነገር ቋንቋውና ዋጋው ነው። በእንግሊዝኛ የተጻፈ፣ በዶላር የሚሸጥ መጽሐፍ ዓለም ገና አስፋልት ዳር ካለ መጻሕፍት አዟሪ እጅ አይገባም።

“እንግዳ መጀመሪያ ቀን ወርቅ፣ ሁለተኛ ቀን ብር፣ ሦስተኛ ቀን ብረት” ይባላል። ለምሁር ግን ተረቱ ይገለበጣል። በመጀመሪያው ሳምንት ብረት ነው፤ ምንም አያውቅም፣ ምንም አይሰጥም። ወርቅ የሚሆነው ሲሰነብት ነው። ስለዚህ ለሦስት ሳምንት ከሚመጡ አምስት እንግዶች፣ ሙሉ ሴሚስተር ተቀምጦ አንድ ኮርስ የሚያስተምር አንድ ይሻለኛል።

ሌላም ነገር አለ፤ ካልተናገርኩት ያንቀኛል። በ1985 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከ40 የሚበልጡ መምህራን በደብዳቤ ተባረሩ። ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ከነዚያ አንዱ ነበሩ። አገር የራሷን ምሁር በአንድ ጀንበር ሸኝታ ስታበቃ፣ ለባዕድ ምሁር ቡና ማፍላት ምን የሚሉት እንግዳ ተቀባይነት ነው? የአገሩን ሰርዶ በአገሩ በሬ ይሉ ነበር አባቶቻችን። ፕሮፌሰር ኃይሌ ለአሥርት ዓመታት ያስተማሩት ዋሽንግተን፣ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ነው። “የወንዝ ማዕበል”ን የሠሩት ፕሮፌሰር ሳሌም መኩሪያም ያስተማሩት አሜሪካ፣ ዌልስሊ ኮሌጅ ነው። እነዚህ ሰዎች ወደ አገራቸው ሲመጡ በየትኛው በር ይግቡ? በእንግዳ ወይስ በባለቤት? “ጤዛ” ላይ ከጀርመን ተመልሶ የሚመጣውን አንበርብርን አይታችሁታል። እናቱ ቤት ገብቶ እንኳ የት እንደሚቀመጥ የቸገረው ሰው ነው። ያ ፊልም እ.ኤ.አ. በ2009 ዋጋዱጉ ላይ ታላቁን ሽልማት አግኝቷል፤ ችግሩ ግን እንዳለ ነው።

ከዩኒቨርሲቲ የፊልም ክፍሎች የምጠይቀው ብዙ ገንዘብ የሚፈጅ አይደለም። የድጋፍ ደብዳቤው ላይ ሁለት መስመር ይጨመር። እንግዳው የሰበሰበውን ፊልምና ቃለ መጠይቅ አንድ ቅጂ ለቤተ መጻሕፍቱ ሳያስረክብ አይሂድ። አንዱንም ሌክቸር ከግቢ ውጭ፣ ሰበታ ወይም ቡራዩ ወይም እዚህ፣ ከአስተርጓሚ ጋር ይስጥ። አስተርጓሚው ካስፈለገ እኔ አለሁ፤ በነፃ ግን አይደለም!

እናንተ ደግሞ ስልካችሁ ላይ፣ ፍላሽ ላይ፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ ያለውን ሥራችሁን ስሙንና ዓመቱን ጽፋችሁ አስቀምጡ። የሚቀጥለው እንግዳ ሲመጣ ቅጂ ስጡት፤ ዋናውን ግን እንዳትሸጡለት፣ “የመጨረሻዋ ናት” ብላችሁ ዋጋ ብታስጨምሩም።

ከዚህ በኋላ የአየር ጤና ታክሲ አይገኝም። ጥያቄ ያለው አሁኑኑ ይጠይቅ።