ስብሰባን በውሳኔ ሐሳብ ስለ መምራት
(ለመምህራን ጉባኤ የተደረገ ንግግር)




መምህር ከማስተማሩ ቀጥሎ ብዙ ጊዜውን የሚያሳልፈው በስብሰባ ነው። የመምህራን ጉባኤ አለ፤ የወላጆች ስብሰባ አለ፤ የማኅበሩ የቅርንጫፍ ጉባኤ አለ፤ ከትምህርት ቤቱ ወጥቶ ወደ ሰፈሩ ሲመለስም የዕድሩና የዕቁቡ ስብሰባ ይጠብቀዋል። ከእነዚህ ስብሰባዎች ብዙዎቹ የሚፈጸሙት «በሰፊው ተወያይተናል» በሚል ቃል ነው። ነገር ግን በማግሥቱ ተሰብሳቢዎቹ «ምን ተወሰነ?» ተብለው የተጠየቁ እንደ ሆነ፣ አንዱ «ተወስኗል» ይላል፤ ሁለተኛው «ለጊዜው ቆይቷል» ይላል፤ ሦስተኛው ደግሞ «ዲሬክተሩ እንዳሉት ይሁን ተብሏል» ይላል። ሦስቱም በአንድ ክፍል ተቀምጠው አንድ ነገር የሰሙ ሰዎች ናቸው።

እንዲህ ያለው ስብሰባ ጊዜን ያባክናል፤ ጉዳቱ ግን በዚህ ብቻ አያበቃም። በግልጽ ያልተወሰነ ነገር ባለቤት የለውምና፣ ሥራው የሚካሄደው በአለቃው ፈቃድ ወይም ድምፁ ከፍ ባለው ሰው ፍላጎት ይሆናል። ከኋላ ዝም ብሎ የተቀመጠው ወጣት መምህርም ያልተጠየቀበትን ሸክም ይሸከማል። ስለዚህ የስብሰባ ሥርዓት የጌጥ ነገር ሳይሆን የፍትሕ ነገር ነው። ስብሰባ የሚመዘነው በተነገረው ቃል ብዛት አይደለም፤ ሁሉ ሰምቷት፣ ሁሉ ተከራክሮባት፣ በመጨረሻም ድምፅ በተሰጠባት በአንዲት የተጻፈች ዓረፍተ ነገር ነው። ይህች ዓረፍተ ነገር በምክር ቤቶች ልማድ የውሳኔ ሐሳብ ትባላለች።

የውሳኔ ሐሳብ ማለት አንድ አባል ተነሥቶ «ይህ ጉባኤ እንዲህ እንዲያደርግ ሐሳብ አቀርባለሁ» በማለት የሚያቀርበው፣ «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ» ተብሎ ድምፅ ሊሰጥበት የሚቻል ቁርጥ ያለ ቃል ነው። «ስለ ንባብ ክፍሉ አንድ ነገር ቢደረግ መልካም ነው» ማለት ምኞት ነው እንጂ የውሳኔ ሐሳብ አይደለም፤ ማን፣ ምን፣ መቼ እንደሚያደርግ አይናገርምና።

ይህ ልማድ በአንድ ቀን የተገኘ አይደለም። በእንግሊዝ አገር የሕዝብ እንደራሴዎች ምክር ቤት በብዙ ዘመን ልምድ እየተጣራ መጣ። ቶማስ ጄፈርሰን የአሜሪካ ምክትል ፕሬዚዳንት ሆነው የአገሪቱን ሴኔት በሚመሩበት ጊዜ ይህንኑ ልማድ አሰባስበው፣ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1801 መመሪያቸው ታተመ። ለተራው ማኅበር የሚሆነውን መጽሐፍ ያዘጋጁት ግን ሄንሪ ማርቲን ሮበርት የተባሉ የጦር ሠራዊት መሐንዲስ ናቸው። እኒህ ሰው በ1863 በኒው ቤድፎርድ ከተማ አንድ ስብሰባ እንዲመሩ ሳይዘጋጁበት ተጠየቁ፤ ስብሰባውም ታወከባቸው። ከዚያ በኋላ ሥርዓቱን ሳያጠኑ ወደ ሌላ ስብሰባ ላለመሄድ ቆረጡና፣ ጥናታቸውን በ1876 በገዛ ገንዘባቸው 4,000 ቅጂ አሳተሙ። ይህ መጽሐፍ ለምክር ቤት ሰዎች ብቻ የተጻፈ አልነበረም፤ ለበጎ አድራጎትና ለሙያ ማኅበሮችም ታስቦ የተዘጋጀ ነው።

ይህን ሁሉ ሰምቶ «ሥርዓቱ የውጭ አገር ነው» የሚል ሰው ቢኖር፣ የአገሩን ሸንጎ ማስታወስ ይገባዋል። በቀድሞው ዘመን በላ ልበልሃ ሲባል ሁለት ተከራካሪዎች በዳኛ ፊት ቆመው በተራ ይጠያየቁ ነበር እንጂ አንዱ በሌላው አፍ ላይ አይናገርም። በንጉሥ ችሎት ደግሞ ፍርድ ሲሰጥ አስተያየት የሚጀምረው ከታናሹ ሹም ነበር፤ ወደ ላይ እየወጣ ሄዶ በመጨረሻ ንጉሡ ይፈርዳል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ታላቁ አስቀድሞ ከተናገረ ታናሹ የልቡን ትቶ የታላቁን ይደግማል። ዛሬ ሊቀ መንበሩ ሐሳቡን እንዲያቆይ የሚያዘው የስብሰባ ሥርዓት የሚጠብቀውም ይህንኑ ጥበብ ነው።

የምክር ቤት ሥርዓትም በኢትዮጵያ አዲስ አይደለም። በ1923 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት የሕግ መወሰኛና የሕግ መምሪያ ምክር ቤቶችን አቋቁሞ ነበር፤ እነዚህም እስከ 1967 ዓ.ም. መጀመሪያ ቆይተዋል። በግንቦት ወር 1955 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተፈረመው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት ቻርተርም ለእያንዳንዱ አባል አገር አንድ ድምፅ ሰጥቶ፣ ውሳኔ በሁለት ሦስተኛ፣ የሥነ ሥርዓት ጉዳይ ግን በተራ አብላጫ ድምፅ እንዲያልፍ ደንግጎ ነበር። በ1987 ዓ.ም. የወጣው ሕገ መንግሥት ደግሞ በአንቀጽ 58 ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ምልዐተ ጉባኤ ከአባላቱ ከግማሽ በላይ የሆኑት እንዲገኙ ያዝዛል። እንግዲህ ለአገርና ለአህጉር ያስፈለገ ሥርዓት ለትምህርት ቤት አያስፈልግም ማለት አይቻልም።

አሠራሩን በምሳሌ መመልከት ይጠቅማል። በአንድ ትምህርት ቤት የንባብ ክፍሉ ከትምህርት ሰዓት በኋላ ስለሚዘጋ ተማሪዎች መጻሕፍቱን ማግኘት አልቻሉም እንበል። ሥርዓት በሌለው ስብሰባ አንዱ ስለ ቁልፉ ይናገራል፤ ሌላው ስለ ዘበኛው ደመወዝ ያነሣል፤ ሦስተኛው ባለፈው ዓመት የጠፉትን መጻሕፍት ይቆጥራል፤ ሰዓቱ ያልፋል፤ ክፍሉም እንደ ተዘጋ ይቀራል።

ሥርዓት ባለው ስብሰባ ግን አስቀድሞ ምልዐተ ጉባኤው መሟላቱ ይረጋገጣል። ከዚያ አንድ መምህር እጁን አንሥቶ ሊቀ መንበሩ ሲፈቅድለት እንዲህ ይላል፦ «የንባብ ክፍሉ ከመጪው ሰኞ ጀምሮ፣ ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ከ9 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት ለተማሪዎች ክፍት እንዲሆንና መምህራን ሁሉ በየተራ እንዲጠብቁ ሐሳብ አቀርባለሁ።» ሌላ መምህር «እደግፋለሁ» ይላል። ይህ ደጋፊ በሐሳቡ መስማማቱ ግድ አይደለም፤ ነገሩ ቢያንስ ሁለት ሰዎች ጉባኤው ሊነጋገርበት ይገባል ብለው እንዳመኑበት ያሳያል እንጂ። ደጋፊ ያጣ ሐሳብ የጉባኤውን ጊዜ ሳይወስድ ይቀራል። ሊቀ መንበሩም ሐሳቡን ቃል በቃል ደግሞ ያነባል። ከዚህ ጊዜ አንሥቶ ሐሳቡ የአቅራቢው መሆኑ ቀርቶ የጉባኤው ንብረት ይሆናል።

ክርክር የሚጀመረው ከዚህ በኋላ ነው። አስቀድሞ አቅራቢው ምክንያቱን ይናገራል፤ ቀጥሎም ደጋፊና ተቃዋሚ በተቻለ መጠን እየተፈራረቁ ይናገራሉ። ተናጋሪው ፊቱን ወደ ሊቀ መንበሩ ያደርጋል እንጂ ከባልንጀራው ጋራ አይጣላም፤ የሚነቅፈውም ሐሳቡን እንጂ ሰውየውን አይደለም። ሮበርት በጻፉት ደንብ አንድ አባል በአንድ ጉዳይ ላይ በአንድ ቀን ከሁለት ጊዜ በላይ፣ በእያንዳንዱም ጊዜ ከ10 ደቂቃ በላይ አይናገርም፤ ገና ያልተናገረ ሰው እየፈለገ ሳለም የተናገረው ሁለተኛ አይነሣም። ይህች ትንሽ ደንብ ብቻዋን ብትከበር ብዙ የመምህራን ጉባኤ በተለወጠ ነበር።

በምሳሌያችን ስብሰባ ላይ ቤቷ ከትምህርት ቤቱ የሁለት ሰዓት መንገድ የሚርቅ አንዲት ወጣት መምህርት አለች እንበል። ሐሳቡ እንዳለ ቢያልፍ እርሷ በጨለማ ትገባለች። ሥርዓት በሌለበት ስብሰባ ይህች መምህርት «ሥራ ጠልታ ነው» እንዳይሏት ፈርታ ዝም ትላለች። የማሻሻያ ሐሳብ የማቅረብ መብት እንዳላት ያወቀች እንደ ሆነ ግን ተነሥታ «መምህራን ሁሉ በየተራ እንዲጠብቁ» ከሚለው ቀጥሎ «ቤታቸው ሩቅ የሆነ መምህራን ተራቸውን በምሳ ሰዓት እንዲፈጽሙና ክፍሉ በዚያ ሰዓት ጭምር እንዲከፈት» የሚል ቃል ይጨመር ትላለች። ደጋፊም ታገኛለች። ሊቀ መንበሩ በመጀመሪያ በማሻሻያው ላይ ብቻ ያከራክራል፤ ድምፅም ያሰጣል። ማሻሻያው ካለፈ በኋላ እንደ ተሻሻለ በዋናው ሐሳብ ላይ ድምፅ ይሰጣል። እንዲህ ሲሆን መምህርቷ መንገዷን በብርሃን ትሄዳለች፤ ተማሪዎቹም ያልታሰበ የምሳ ሰዓት ንባብ ያገኛሉ። በዚሁ ላይ አንዱ «የዘበኛው ደመወዝ ይጨመር» የሚል ማሻሻያ ቢያመጣ ግን ጉዳዩ ከንባብ ክፍሉ ውጭ ነውና ሊቀ መንበሩ በትሕትና ለሌላ ጊዜ እንዲያቀርበው ይነግረዋል።

ዋናውን ሐሳብ የሚያግዙ ሌሎች ሐሳቦችም አሉ። ነገሩ ጥናት የሚያስፈልገው ሲሆን «ለኮሚቴ ይመራ» ይባላል፤ የኮሚቴው አባሎች ቍጥርና ሪፖርት የሚያቀርቡበት ቀን ግን አብሮ ካልተወሰነ ለኮሚቴ መምራት ማለት መቅበር ማለት ይሆናል። ጊዜው ያልደረሰ ሲሆን «እስከዚህ ቀን ድረስ ይቆይ» ይባላል። ክርክሩ በቅቷል የሚል አባል «ክርክሩ ተዘግቶ ድምፅ ይሰጥ» የማለት መብት አለው፤ ይህ ግን የሌሎችን የመናገር መብት የሚቈርጥ ስለ ሆነ ግማሽ ድምፅ አይበቃውም፤ በሮበርት ደንብ ሁለት ሦስተኛ ድምፅ ያስፈልገዋል። ደንብ ሲጣስ ያየ አባልም የሥነ ሥርዓት ጥያቄ አለኝ ብሎ ወዲያው ሊነሣ ይችላል። የተወሰነ ነገር ስሕተት ሆኖ በተገኘ ጊዜ ደግሞ እንደ ገና እንዲታይ ሐሳብ የሚያቀርበው ድምፁ ካሸነፈው ወገን የነበረ ሰው ነው፤ ይኸውም የተሸነፈው ወገን ያንኑ ነገር እየመላለሰ ጉባኤውን እንዳያውክ ነው።

ከዚህ ሁሉ አንድ መሠረት ይታያል። ብዙኃኑ የመወሰን መብት አላቸው፤ ጥቂቶቹ የመሰማት መብት አላቸው። አንዱ ያለ ሌላው የቆመ እንደ ሆነ ስብሰባው ወይ ጭቆና ወይ ሁከት ይሆናል።

ሊቀ መንበሩ የዚህ ሚዛን ጠባቂ ነው። ዲሬክተሩ ራሳቸው ሊቀ መንበር በሚሆኑበት ጉባኤ ነገሩ ይበልጥ ጥንቃቄ ይሻል። ዲሬክተሩ በመክፈቻቸው «የኔ ሐሳብ ይህ ነው» ብለው የጀመሩ እንደ ሆነ ስብሰባው ያለቀው በዚያው ደቂቃ ነው፤ የቀረው ሰዓት ራስ መነቅነቅ ብቻ ነው። በሕግና በመመሪያ የተቈረጠ ጉዳይ ሲሆን ትእዛዙን እንደ ትእዛዝ ቢያስታውቁ ይሻላል እንጂ ለክርክር ያቀረቡ መምሰል አይገባቸውም። ለጉባኤው የተተወ ጉዳይ ሲሆን ግን ክርክሩን መርተው፣ ድጋፍንም ተቃውሞንም ድምፀ ተዓቅቦንም ቈጥረው፣ ውጤቱን በግልጽ ማስታወቅ ተግባራቸው ነው።

ሥርዓቱን አብዝቶ መጥቀስም ራሱ በሽታ ሊሆን ይችላል። ደንብ ቃል በቃል አጥንቶ ባልንጀራውን ለማሰናከል የሚጠቀምበት ሰው ከሁከተኛው አይሻልም። ከ12 የማይበልጡ ሰዎች በሚቀመጡበት ትንሽ ኮሚቴ ውስጥ ደጋፊ መጠየቅ እንደማያስፈልግ፣ ሊቀ መንበሩም እንደ ሌሎቹ ሊከራከር እንደሚችል የሮበርት መጽሐፍ ራሱ ይፈቅዳል። ደንቡ የተሠራው ለሰው ነውና፣ በትንሽ ክፍል ትንሽ ደንብ ይበቃል።

የመጨረሻው ሥራ የጸሐፊው ነው። በቃል ያለ ይረሳል፥ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል እንዲሉ፣ ቃለ ጉባኤ የሚይዘው የተነገረውን ሁሉ ሳይሆን የተደረገውን ነው፤ ሐሳቡ ማን እንዳቀረበው፣ በምን ቃል እንደ ጸደቀ፣ ስንት ድምፅ እንዳገኘ፣ ማን በየትኛው ቀን እንዲፈጽመው እንደ ታዘዘ። የሚቀጥለው ስብሰባም የሚከፈተው ይህንኑ በማንበብና የተፈጸመውን ካልተፈጸመው በመለየት ነው።

ይህን ሥርዓት በመጀመሪያ ሊማሩት የሚገባቸው በመምህራን ማሠልጠኛ ያሉ ዕጩ መምህራን ናቸው፤ ነገ በየቦታው ተበትነው ስብሰባ የሚመሩት እነርሱ ናቸውና። ከእነርሱም ወደ ተማሪዎች ማኅበር ይወርዳል። የ12 ዓመት ልጅ ሐሳቡን በአንድ ዓረፍተ ነገር አቅርቦ፣ ተቃዋሚውን ሳይሳደብ ሰምቶ፣ ድምፅ ቢሸነፍም ከአሸናፊዎቹ ጋራ ሥራውን ሲሠራ የታየ እንደ ሆነ፣ ያ ትምህርት ቤት ከሥነ ዜጋ መጽሐፍ የሚበልጥ ትምህርት አስተምሯል። ልጁ ይህን የሚቀስመው ግን መምህራኑ በራሳቸው ጉባኤ ሲፈጽሙት አይቶ ነው።