የኮምፒዩተርን ፕሮግራም ስለሚያድሱ መሣሪያዎች

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል በተማሪ የተደረገ ንግግር)





የኮምፒዩተር ፕሮግራም በሥራ ላይ ሲቆይ እንደ አሮጌ ቤት ጥገና ይሻል። የሚሠራውን ሥራ ሳይለውጡ አጻጻፉን ብቻ ማደስ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። በብዙ ሺሕ መስመር ውስጥ አንድን ስም በእጅ መለወጥ አድካሚ ስለ ሆነ፣ ይህን የሚፈጽም መሣሪያ ተፈለገ። በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶን ሮበርትስ፣ ጆን ብራንትና ራልፍ ጆንሰን ስሞልቶክ ለተባለው የፕሮግራም ቋንቋ እንዲህ ያለ መሣሪያ ሠርተው በ1997 እ.ኤ.አ. በጽሑፍ አስታወቁ።

ነገር ግን እንደ ስሞልቶክና እንደ ፓይተን ባሉት ቋንቋዎች፣ አንድ ስም ቍጥር ይያዝ ወይም ጽሑፍ አስቀድሞ አይነገርም፤ የሚታወቀው ፕሮግራሙ ሲሠራ ነው። እኛም «መምህሩ አለ» ብለን ብንጽፍ፣ «ተናገረ» ይሁን «በቦታው ይገኛል» ፊደሉ ብቻውን አይለየውም። አንባቢ ከነገሩ አካሄድ ተረድቶ አጥብቆ ወይም አላልቶ ያነበዋል። ፊደሉን ብቻ የሚያይ መሣሪያ ግን ይህን መለየት አይችልም።

ይህ ችግር የራሳችንን ፊደል ነክቷል። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ ወደ ተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ ገባ። ዩቲኤፍ 8 በተባለው አጻጻፍ እያንዳንዱ ፊደላችን 3 ባይት ይይዛል። ስለዚህ የቀድሞው ፓይተን 2 «ሐራ» የሚለውን ቃል እንደ ተራ ጽሑፍ ተቀብሎ ርዝመቱን ቢጠየቅ 6 ይላል፤ በ2008 እ.ኤ.አ. የወጣው ፓይተን 3 ግን በትክክል 2 ይላል።

አሮጌውን ፕሮግራም ወደ አዲሱ የሚያዛውር መሣሪያ ተዘጋጅቶ ነበር። የትእዛዞቹን አጻጻፍ በሚገባ ያስተካክላል፤ የተማሪን ስም 12ኛው ላይ የሚቈርጠው መስመር ግን በአሮጌው 4 ፊደል፣ በአዲሱ 12 ፊደል ማስቀረቱን አይነግረንም። ይህን መመርመር የሰው ድርሻ ነው።

እንግዲህ ይህን ሙያ የምትማሩ ሁሉ፣ ፕሮግራሙን ከማደሳችሁ በፊት ትክክለኛ መልሳቸው የታወቀ መፈተኛዎች አዘጋጁ፤ ከእነርሱም ውስጥ በአማርኛ የተጻፈ ስም አይጥፋ። መሣሪያው ሥራውን ከፈጸመ በኋላ እነዚያኑ መፈተኛዎች ደግማችሁ አስኪዱ። መልሱ ከተለወጠ፣ ፕሮግራሙ ታደሰ ሳይሆን ተበላሸ ማለት ነው።