ያልጠበቀ ስፖይለር በአዲስ መኪና ላይ

አንደኛ አቅራቢ፦ ከአዲስ አበባ በደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ በጊንጪ በኩል ወደ አምቦ በሚዘልቀው አውራ ጎዳና የሚመላለስ አዲስ መኪና፣ ስፖይለሩ፣ ማለትም የአየርን ፍሰት ለመምራት ከኋላ የሚገጠመው ክንፍ መሰል አካል፣ በሚገባ ካልተያዘ ጉዳዩ ከውበት አልፎ የደኅንነት ይሆናል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ በስፖይለሩና በመኪናው አካል መካከል ያለ ጥፍር ብቻ የሚያስገባ ክፍተት ይህን ያህል ያሰጋል?

አንደኛ አቅራቢ፦ ያሰጋል፤ የአየር ግፊት በፍጥነቱ ካሬ መጠን ስለሚያድግ፣ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚያርፈው ኃይል በ40 ከሚያርፈው አራት እጥፍ ነው፤ የላላው ክንፍም ተገንጥሎ ከኋላ የሚመጣ ሞተረኛን ሊመታ ይችላል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ታዲያ በሱፐር ግሉ ማጣበቅ አይበቃም?

አንደኛ አቅራቢ፦ አይበቃም፤ ሲደርቅ ግትር ስለሚሆን በንዝረት ይሰነጠቃል፣ ቀለሙንም ያበላሻል። ባለ ሁለት ገጽ የአረፋ ቴፕ ግን ንዝረቱን እየዋጠ ይይዛል፤ ይህም ገጹ በአልኮል ከአቧራና ከሰም ጸድቶ፣ ቴፑ በኃይል ተጭኖ፣ ሙሉ ጥንካሬውን እስኪያገኝ ለ3 ቀን ያህል ሳይታጠብ ሲቆይ ነው። በቡሎን የሚታሰረው ደግሞ በቀዳዳው ዙሪያ የጎማ ማሸጊያ ከሌለው የክረምቱ ዝናብ ሰርጎ ብረቱን ያዝገዋል።

ሁለተኛ አቅራቢ፦ ልክ ነው፤ ሆኖም ወጪው በገዢው ላይ መውደቅ የለበትም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ሻጩን ለዕቃው ጉድለት ዋስ ያደርገዋል፤ አዋጅ ቁጥር 813/2006ም ሸማቹ በገዛ በ15 ቀን ውስጥ ዕቃው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት እንዲጠይቅ ፈቅዷል።

አንደኛ አቅራቢ፦ እንግዲያው አድማጮች ክፍተቱን ፎቶ አንስተው፣ ወደ ጋራዥ ከመሄዳቸው በፊት ለሻጩ በጽሑፍ ያሳውቁ።