የልጁ አፍ ሲናገር

የዛሬው ትምህርታችን ስለ ልጅ ጥርስ ነው። ስለ መፋቂያ ግን አይደለም።

ቴዎድሮስ አደባባይን ታውቁታላችሁ። ከፒያሳ ወደ ፖስታ ቤት ስትወርዱ የምታገኙት፣ በሴባስቶፖል መድፍ አምሳያ የሚታወቀው ነው። በዚያ አካባቢ በአንድ የጥርስ ሕክምና ቤት ወረፋ ትጠብቃላችሁ እንበል። አንድ ሰው የ6 ዓመት ልጅ ይዞ ገባ። የልጁ የፊት ጥርስ ተሰብሯል፤ ከንፈሩም አብጧል። «ከደረጃ ወድቆ ነው» ይላል ሰውዬው። ልጁ ዝም ብሎ መሬት መሬቱን ያያል።

ልጅ ይወድቃል፤ እውነት ነው። ሲወድቅ ግን ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ግንባሩ፣ አገጩ፣ ጉልበቱ ነው። ጆሮው ላይ ሰንበር፣ ጉንጩ ላይ የጣት ምልክት ካለስ? ደረጃ ጣት የለውም! የሚነገረው ነገር ከቁስሉ ጋር ካልገጠመ ሐኪሙ ይጠረጥራል።

ታዲያ ምን ያድርግ? ጥርሱን ብቻ አክሞ ቢያሰናብተው፣ ልጁ ማታ የሚመለሰው ወደዚያው ቤት ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ያየውን በካርዱ ላይ ይጻፍ። ልጁን ለብቻው፣ ረጋ ብሎ ያነጋግረው። ከዚያም ለፖሊስ ያሳውቅ። ማሳወቅ መፍረድ አይደለም። ማጣራት የፖሊስ፣ መፍረድ የዳኛ ሥራ ነው።

ችላ ማለትም በደል ነው። ጥርሱ በስብሶ፣ ድዱ መግል ይዞ፣ ሌሊቱን ሙሉ የሚያለቅስ ልጅ «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል» ተብሎ አይተውም። ነገር ግን እንጠንቀቅ። ገንዘብ አጥታ የዘገየች እናት በዳይ አይደለችም። ለእሷ የሚያስፈልጋት እርዳታ ነው።

ሌላም አለ። በብዙ የአገራችን ክፍል ሕፃን ሲያስቀምጠው «ግግ ነው» ይባልና ድዱ ይበጣል፤ ጥርሱ ይነቀላል። ወላጅ ይህን የሚያደርገው ልጁን ለማዳን ብሎ ነው። ተቅማጡ ግን ከጥርስ አይመጣም። ሕፃኑ ደም ይፈሰዋል፤ ቁስሉ ይመረቅዛል፤ ከሥር የሚበቅለውም ቋሚ ጥርስ ይበላሻል። ይህን ያየ ሐኪም ቤተሰቡን ቁጭ አድርጎ ማስተማር አለበት።

«ልጄን እንደ ፈለግሁ ባደርገው ማን ያገባዋል?» የሚል ሰው አይጠፋም። ሕግ ያገባዋል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ፣ በአንቀጽ 576፣ ልጅ የማሳደግ ኃላፊነት ያለበት ሰው ልጁን ቢያንገላታ፣ ቢደበድብ ወይም ችላ ቢል እንደሚቀጣ ይደነግጋል።

እናንተስ? ሐኪሙ «ልጁ እንዴት ተጎዳ?» ብሎ ቢጠይቃችሁ አትቀየሙ። የሚጠይቀው ለልጁ ብሎ ነው። የጎረቤት ልጅ በየጊዜው ቆስሎ ብታዩም «የሰው ቤት ጉዳይ ነው» ብላችሁ አትለፉ። ልጁ ራሱ ሄዶ መክሰስ አይችልም።

አሁን ይህን ጮክ ብላችሁ አንብቡ። ከዚያም በደብተራችሁ ላይ ጻፉት፦

ልጅ። ጥርስ። ቁስል። ሐኪም።
ማሳወቅ መፍረድ አይደለም።

ደኅና ሁኑ።