ደጋው ወረርሽኝን በማን ተቋቋመ?

አቅራቢ 1፦ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ኮሮና አገራችን መግባቱ ሲነገር፣ ደባርቅ ከተማ ላይ ጉዳቱ ፈጥኖ የታየው በኪስ ነበር።

አቅራቢ 2፦ እውነት ነው። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጎብኚ ሲያጣ አስጎብኚው፣ ስካውቱ፣ በቅሎ ጫኚው፣ ምግብ አብሳዩ ሁሉ ገቢው ነጠፈ።

አቅራቢ 1፦ ውሃ ከሩቅ ምንጭ በጄሪካን ለሚቀዳ የገደል አፋፍ ነዋሪስ «እጅህን ታጠብ» ማለት ብቻ ይበቃል?

አቅራቢ 2፦ አይበቃም። የሚታመን ሰው ደጁ ድረስ መሄድ አለበት። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ነዋሪው በክትባትና በእናቶች ጤና ሥራ ቀድሞ የሚያውቃቸው ናቸው። በአጎራባቹ ዳባት ወረዳም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከ1996 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ልደትና ሞትን ቤት ለቤት ሲመዘግብ ቆይቷል። ይህ መዝገብ ትልቅ ሀብት ነው።

አቅራቢ 1፦ ወላጆቻችንም በ1911 ዓ.ም. ስለደረሰው የኢንፍሉዌንዛ ወረርሽኝ፣ ስለ የኅዳር በሽታ፣ ነግረውናል። ኅዳር 12 ቆሻሻ ሰብስቦ ማጠኑ ከዚያ ጋር ይያያዛል።

አቅራቢ 2፦ በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ግን የሰሜኑ ጦርነት እዚሁ አካባቢ ደረሰ። ተፈናቃይ በአንድ ክፍል ታጭቆ ሲያድር ተራራቁ ማለት ከንቱ ምክር ነው።

አቅራቢ 1፦ እንግዲህ ኃላፊዎች ሆይ፣ ቀጣዩ ወረርሽኝ ሳይመጣ ለየቀበሌው ጤና ኬላ ውሃና መድኃኒት፣ ለሠራተኞቹም ደመወዛቸው በወቅቱ ይድረስ። አደራ!