የጋዙ መስመር ያረጃል
በማኅበራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ ከሂሳብ ክፍል የቀረበ ንግግር

በየዓመቱ እዚህ ስቆም የማነበው የገቢና የወጪ ሂሳብ ነው፤ እናንተም ቡናው እስኪፈላ በትዕግሥት ታዳምጡኛላችሁ። ዘንድሮ ሂሳቡ በወረቀት ስለታደለ ቤታችሁ አንብቡት። እኔ አንድ ሜትር ስለማይሞላ ጎማ ልናገር ነው።

አክስቴ ጓሮዋ ባዮጋዝ አላት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ከምድጃው ጋር የሚገናኘው ጎማ ተሰነጠቀና ደወለችልኝ። ገበያ ወጥቼ ዋጋ ጠየቅሁ፤ ለጋዝ የተሠራው ጎማ ተወደደብኝ። አጠገቡ ለአትክልት ማጠጫ የሚሸጠው በግማሽ ዋጋ ነበረ። ሁለቱም ጎማ፣ ሁለቱም ቀዳዳ፤ ርካሹን ገዛሁ። የጎረቤት ልጅ ገጠመልን፤ መጋጠሚያው ሲላላበት ከአሮጌ ካላማዳሪ ላስቲክ ቆርጦ ጠቀለለበት። እኔም ወጪ ቆጠብኩ ብዬ ደስ አለኝ።

ጎማው በምድጃው ሙቀት ደረቀ። አክስቴ የበሰበሰ እንቁላል የመሰለ ሽታ ይሸታት ነበር፤ ግን የጉድጓዱ ነው ብላ ተወችው። ሲቆይ ደግሞ አፍንጫዋ ለመደው። አንድ ምሽት መብራት ጠፍቶ ክብሪት ጭራ ማድቤት ገባች። ነጠላዋ ተያያዘ፤ ቀኝ እጇ እስከ ክርኗ ተቃጠለ። ዛሬ ጣቶቿ ሊጥ ማቡካት አይችሉም። ይህን የምነግራችሁ ያንን ጎማ የገዛሁት እኔ ስለሆንኩ ነው። ደረሰኙ አሁንም አለኝ።

አዲስ አበባ ያሉ ዘመዶቻችን ጋዝ ሲሉ ሲሊንደሩን ነው። በውጭ አገር ብዙ ከተሞች ደግሞ ጋዝ እንደ ውሃ በመንገድ ሥር በቧንቧ ተዘርግቶ ቤት ይገባል፤ የቤቱ መስመር ሲያረጅም የሚቀይረው ፈቃድ ያለው ባለሙያ ነው። የእኛ ጋዝ የሚመጣው ከጓሮ ነው። ኩባንያዋም፣ ተቆጣጣሪዋም፣ ደንበኛዋም አንዲት ሴት ናት።

ባዮጋዝ በአገራችን በስፋት የተስፋፋው እ.ኤ.አ. በ2009 በተጀመረው ብሔራዊ ፕሮግራም ነው። ኦሮሚያ ከመጀመሪያዎቹ አራት ክልሎች አንዱ ነበረ። ድጎማ ለግንባታው ተሰጠ፤ ቀሪውን ቤተሰቡ በጉልበቱ፣ በገንዘቡ ወይም በብድር ሸፈነ። ከመሬት በታች ያለው የድንጋይና የሲሚንቶ ማብላያ በደንብ ከተሠራ ብዙ ዓመት ይቆያል። ከእሱ እስከ ምድጃው ያለው ግን እንደዚያ አይደለም። ጋዙ አብዛኛው ሚቴን ነው፤ በውስጡ ግን ያ የሚሸተው ጋዝ አለበት፤ እሱም ነሐስና ብረት ይበላል። ስለዚህ ቫልቩ ይበላሻል፣ ክር ያለበት መጋጠሚያ ይላላል፣ ጎማ ይደርቃል። እርጥበትም ከጋዙ ጋር ወጥቶ ቧንቧው ውስጥ ውሃ ይሆናል። ለዚህ ነው መስመሩ ተዳፋት ተደርጎ የሚቀበረውና ዝቅ ባለው ቦታ የውሃ ማስወገጃ የሚደረግለት።

በሂሳብ ቋንቋ እርጅና የምንለው ነገር አለ። ቋሚ ንብረት ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ዋጋው በየዓመቱ ይቀነሳል፤ ጠንቃቃ የሆነ ድርጅት ለመተኪያው ያስቀምጣል። የማኅበራችንን ወፍጮ መዝገብ ብታዩ ይህ ተሠርቷል። በቤታችን ላለው ግን ማንም አልሠራም። ለጋሾቻችንም ይህን ጽሑፍ ስለምታነቡት በግልጽ ልናገር፤ ሪፖርት ላይ የሚቆጠረው የተገነባው ነው። ከስድስት ዓመት በኋላ ምድጃው ይበራል ወይ ብሎ የጠየቀን የለም። እውነቱን ለመናገር እኛም ራሳችንን አልጠየቅንም።

አክስቴ ከተቃጠለች በኋላ በእግሬ ዞሬ ባዮጋዝ ያላቸውን ሰባት አባሎቻችንን ጎበኘሁ። ምድጃው የሚበራው በሦስቱ ቤት ብቻ ነው። በአንዷ ቤት ነበልባሉ ይዘላል፣ ይንተፋተፋል፤ ውሃ ማስወገጃውን ከፍተን ውሃው ሲፈስ ወዲያው ተስተካከለ፤ ለሁለት ዓመት ኩበት ስትለቅም የኖረችው ለዚህ ነበር! ሁለቱ ቤቶች ቧንቧቸው በማረሻ ተመትቶ ወይም ጎማቸው ተቀዶ የቆመ ነው። የቀረችው አባላችን ግን ከብቶቿን በድርቁ ሸጣለች፤ በቀን ቢያንስ 20 ኪሎ እበትና የዚያኑ ያህል ውሃ ካልገባ መስመር ብንቀይርላት ጋዝ አይመጣም። ለእሷ ሌላ መላ ነው የሚያስፈልጋት።

እንጀራ በዚያ ምድጃ አይጋገርም የምትሉ አላችሁ፤ ልክ ናችሁ፤ ለምጣድ አይመችም። ወጡ፣ ቡናው፣ የሕፃናቱ ወተት ግን ያለ ጭስ ይሠራል። ዓይኑ በጭስ ያላለቀ ሰው ይህን ትንሽ ነገር ይለዋል።

የማቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። የብድር መተዳደሪያችን ለንግድና ለከብት ማድለቢያ ብቻ ያበድራል፤ የጋዝ መስመር ጥገና ይጨመርበት። ብሩ በእጅ አይሰጥ፤ የሠለጠነ የባዮጋዝ ግንበኛ ሠርቶ ሲጨርስ፣ የቤቱ እመቤት ባለችበት ተፈትሾ፣ በደረሰኝ ይከፈል። ፍተሻው ከባድ አይደለም። ዋናው ቫልቭ ክፍት ሆኖ የምድጃው ይዘጋል፤ የሳሙና አረፋ በየመጋጠሚያው ይቀባል፤ አረፋው ካበጠ ያፈሳል ማለት ነው። በክብሪት የሚፈትሽ ሠራተኛ ካያችሁ ከቤታችሁ አስወጡት። ለጋዝ የተሠራ ጎማ፣ በብረት ማሰሪያ የታሰረ፣ ከእሳቱ ራቅ ያለ መሆኑንም እዩ። ብድሩ ለነጋዴዎቻችን የተቀመጠውን ገንዘብ እንደሚቀንስ አውቃለሁ፤ ወይዘሮ ሊቀ መንበራችንም ትናንት ይህንኑ ነግረውኛል። ስሌቱን በሁለተኛው ገጽ አስቀምጫለሁ፤ የምትቃወሙ በዚያ ላይ ተከራከሩኝ።

ውሳኔው ቢዘገይም ዛሬ ማታ የሚሠራ አለ። ሽታ ከመጣ ምንም እሳት አታንሱ፤ የመብራት ማብሪያም አትንኩ። በርና መስኮት ክፈቱ፣ ልጆችን አስወጡ፣ ውጭ ያለውን ዋና ቫልቭ ዝጉ። ቫልቩ የት እንዳለ የማታውቁ እጃችሁን አውጡ... እሺ፣ ብዙ ነን። አክስቴም አታውቅም ነበር። ከስብሰባው በኋላ ያለሁት በር ላይ ነው፤ ቅርብ ያላችሁት ቤት ዛሬውኑ አብሬያችሁ እሄዳለሁ፤ የራቃችሁ ስማችሁን ለጸሐፊዋ አስመዝግቡ።