ልጃችንን ለአስተማሪ አደራ ብንሰጥም፦ የትምህርት ቤቱን አስተዳደር፣ ገንዘብና ውጤት እንወቅ

 

ዛሬ ላነጋግራችሁ የፈለግሁት ስለ ልጆቻችን ትምህርት ቤት ነው። ልጆች ያጥኑ፣ ይጠንክሩ የሚለውን ምክር ሁላችሁም ታውቁታላችሁና አልደግመውም። ትምህርት ቤቱን ማን ያስተዳድረዋል? ገንዘቡ ከየት ይመጣል? የልጁስ ውጤት መቼና በማን ይወሰናል? እነዚህን ነገሮች አንድ በአንድ ላስረዳችሁ።

አንድ የማውቃቸው አባት የልጃቸውን የባግሩት ተዑዳ ይዘው ቤቴ መጡ። ባግሩት ማለት በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት መጨረሻ የሚሰጠው የመንግሥት ፈተና ነው። ልጁ ፈተናውን አልፎ ተዑዳውን ተቀብሏል፤ ቤተሰቡም ደግሶ ዘመድ ጠርቶ ነበር። ይሁን እንጂ ልጁ ምሕንድስና ለመማር ሲያመለክት፣ ሒሳቡም እንግሊዝኛውም ባለ ሦስት የሂዶት ስለሆነ አንቀበልህም ተባለ። አባትየው በጣም አዝነው፣ «ይህን የወሰነው ማን ነው? እኔን የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉኝ። ነገሩን ስናጣራ ልጁ በዝቅተኛው ቡድን የተመደበው ዘጠነኛ ክፍል ሳለ ነው። ወረቀትም ወደ ቤት ተልኮ ነበር። ወረቀቱ ግን በዕብራይስጥ ነበርና ልጁ ራሱ «ምንም አይደለም፣ ፈርሙበት» ብሎ አስፈርሟቸው ኖሯል።

ወገኖቼ፣ በአገራችን ወላጅ ልጁን ለአስተማሪ ሲያስረክብ «ዓይኑን ብቻ ተውልኝ» ይል ነበር። ከዚያ በኋላ በአስተማሪው ሥራ ጣልቃ መግባት እንደ ነውር ይቆጠራል። መምህርን ማክበር መልካም ልማዳችን ስለሆነ ልንተወው አይገባም። በእስራኤል ግን ዝም ያለ ወላጅ አክባሪ ነው ተብሎ አይታይም፤ በተደረገው ነገር ሁሉ የተስማማ ተደርጎ ይቆጠራል። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል የሚለው የአባቶቻችን ተረት እዚህ አገር በደንብ ይሠራል።

በመጀመሪያ ሕጉን እንመልከት። የግዴታ ትምህርት ሕግ የወጣው በ1949 ነው። የመንግሥት ትምህርት ሕግ ደግሞ በ1953 ወጣ። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ግዴታው እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል አይደርስም ነበር። በ2007 እስከ አሥራ ሁለተኛ ክፍል እንዲደርስ ተወስኖ ቀስ በቀስ በሥራ ላይ ዋለ። ከሦስት ዓመት ዕድሜ ጀምሮ ያለው መዋዕለ ሕፃናትም ከ2012 ወዲህ በነጻ ሆኗል። ስለዚህ ትምህርት ለልጃችሁ በሕግ የተሰጠ መብት ነው፤ ማንም በችሮታ የሚሰጣችሁ ነገር አይደለም።

ይህን ትምህርት የሚያስተዳድሩት ግን አንድ ሰው ወይም አንድ መሥሪያ ቤት ብቻ አይደሉም። ሦስት እጆች አሉበት።

የመጀመሪያው እጅ ሚስራድ ሃሒኑኽ፣ ማለትም የትምህርት ሚኒስቴር ነው። ምን እንደሚማሩ የሚወስነው፣ የአንደኛና የመካከለኛ ደረጃ አስተማሪዎችን ደመወዝ በአብዛኛው የሚከፍለው እርሱ ነው። በየትምህርት ቤቱም ላይ መፋቄያሕ የሚባል ተቆጣጣሪ አለው።

ሁለተኛው እጅ የከተማው አስተዳደር፣ ዒሪያ ወይም ሞዓጻ የምንለው ነው። ሕንጻው፣ ወንበሩ፣ ጥገናው የእርሱ ነው። ጸሐፊዋንና የጽዳት ሠራተኛውን፣ በመዋዕለ ሕፃናትም የጋነኔቷን ረዳት የሚቀጥረው እርሱ ነው። ልጆች የሚመዘገቡትም በእርሱ በኩል ነው። በሁለተኛ ደረጃ ደግሞ አስተማሪዎቹን የሚቀጥረው ብዙ ጊዜ የከተማው አስተዳደር ወይም እንደ ኦርት፣ ዓማልና ዓሚት ያለ የትምህርት ቤቶች ድርጅት ነው። ሚኒስቴሩ በተማሪው ቁጥርና በሚማሩት ትምህርት ልክ ገንዘቡን ይልክላቸዋል።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? የትኛውን በር ማንኳኳት እንዳለባችሁ ስለሚያሳውቃችሁ ነው። ጣሪያው ካፈሰሰ ወይም የልጆች ማመላለሻ አውቶቡስ ከቀረ አስተማሪዋን ብትወቅሷት ምንም ልታደርግ አትችልም፤ ወደ ከተማው የትምህርት ክፍል ሂዱ። ስለ ትምህርቱ ከሆነ ደግሞ በመጀመሪያ ወደ መሐነኸቷ፣ ማለትም ወደ ክፍሉ ኃላፊ አስተማሪ፣ ቀጥሎ ወደ መናሄሉ፣ ካልተፈታም ወደ ተቆጣጣሪው በጽሑፍ አመልክቱ። የጻፋችሁትንም ግልባጭ ቤታችሁ አስቀምጡ።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ ላስረዳችሁ። ከተማው ዋና ገቢውን የሚያገኘው አርኖና ከሚባለው የቤትና የንግድ ቦታ ግብር ነው። እንደ ቴል አቪቭ ያለ ባንክና ትልልቅ ቢሮዎች የሞሉበት ከተማ ብዙ አርኖና ይሰበስባል፤ ከዚያም ላይ ለትምህርት ቤቶቹ ይጨምራል። ፋብሪካና ቢሮ የሌለው፣ ድሃ ቤተሰብ የበዛበት ትንሽ ከተማ ግን የሚጨምረው የለውም። ስለዚህ ሁለት ልጆች አንድ ዓይነት መጽሐፍ ይዘው፣ አንዱ ከትምህርት በኋላ የሚያስጠናው ሰው ሲያገኝ ሌላው ሳያገኝ ይቀራል።

ይህን ልዩነት ለማጥበብ ሚኒስቴሩ መዳድ ጢፑዋሕ የሚባል መለኪያ አለው። የወላጆች የትምህርት ደረጃ፣ የቤተሰቡ ገቢ፣ ትምህርት ቤቱ ከአገሩ መሐል ያለው ርቀት፣ እንዲሁም ቤተሰቡ የመጣበት አገር ይታያል። ከሁሉም የበለጠ ክብደት ያለው የወላጆች ትምህርት ነው። በዚህ መለኪያ መሠረት ችግረኛ ልጆች የበዙበት ትምህርት ቤት በሳምንት ተጨማሪ የማስተማሪያ ሰዓቶች ያገኛል። ለአዲስ ገቢ ልጆችም ለዕብራይስጥ ማጠናከሪያ የሚሰጥ ሰዓት አለ።

እንግዲህ ልብ በሉ! ልጃችሁ ትምህርት ቤቱ ሲገባ ባዶ እጁን አይገባም፤ ሰዓትና ባጀት ይዞ ነው የሚገባው። ስለዚህ መናሄሉን በትሕትና፣ ግን ሳታፍሩ ጠይቁ፦ «ለአዲስ ገቢዎች ስንት ሰዓት ተሰጣችሁ? ከዚያ ውስጥ ልጄ በሳምንት ስንት ያገኛል? የሚያስተምረውስ ማን ነው? በየትኛው ቀን?» ይህ ጥያቄ ስድብ አይደለም። መልሱንም ማግኘት ይገባችኋል።

ገንዘብና ሥልጣን እንዴት እንደተሳሰሩ በ2009 በፔታሕ ቲቅቫ ታይቷል። ከመንግሥት ባጀት የሚቀበሉ የግል ሃይማኖታዊ ትምህርት ቤቶች የኢትዮጵያ ቤተ እስራኤል ልጆችን አንቀበልም ብለው፣ የትምህርቱ ዓመት ሊጀመር ሲል ልጆቹ ቦታ አጥተው ነበር። ወላጆችና ማኅበረሰቡ ተቃውሞ አሰሙ፤ ነገሩ በአገሩ ሁሉ ተሰማ። መንግሥትም ባጀታችሁን እይዛለሁ ብሎ ካስፈራራ በኋላ ልጆቹ ቦታ ተሰጣቸው። ባጀት የሚሰጥ ያዛል፤ እርሱም ቢሆን የተንቀሳቀሰው ወላጆች ዝም ባለማለታቸው ነው።

ሦስተኛው እጅ እናንተው ናችሁ፣ ወላጆች። በየዓመቱ ታሽሉሜ ሆሪም የሚባል የክፍያ ወረቀት ይደርሳችኋል። ሁሉንም አንድ ላይ አይታችሁ አትደንግጡ። ወረቀቱ ላይ ሁለት ዓይነት ክፍያ አለ። አንዱ የግዴታ ሲሆን እርሱም የአደጋ መድኅን፣ ቢቱዋሕ የሚባለው ነው። ሌላው ረሹት የሚባል የፈቃድ ክፍያ ሲሆን ለባህል ዝግጅት፣ ለክፍል በዓልና ለመሳሰሉት ነው። ከፍተኛውን ዋጋ የሚያጸድቀው የክነሴት የትምህርት ኮሚቴ ስለሆነ ትምህርት ቤቱ እንደፈለገ ሊጨምርበት አይችልም። መክፈል ላልቻለ ቅናሽ እንዲደረግለት ማመልከት ይቻላል። በክፍያ ምክንያት የልጅን ተዑዳ መያዝ ክልክል ነው። በ2000 የወጣው የተማሪዎች መብት ሕግም ወላጅ ባደረገው ወይም ባላደረገው ነገር ልጅ እንዳይቀጣ ይከለክላል። ልጅ ከትምህርት ቤት ለዘለቄታው ከመባረሩ በፊትም እርሱና ወላጆቹ ቀርበው የመሰማት መብት አላቸው።

በዓመቱ መጀመሪያ በሚደረገው የወላጆች ስብሰባ የቫዓድ ሆሪም፣ ማለትም የወላጆች ኮሚቴ ምርጫ አለ። የፈቃድ ክፍያዎች የሚነጋገሩባቸውም እዚያ ነው። ዕብራይስጥ አልችልም ብላችሁ አትቅሩ። ከእናንተ አንዱ እንኳ ቢመረጥ የአዲስ ገቢዎች ጉዳይ ይነሳል። ማንም ካልተቀመጠ ግን የእኛን ኑሮ የማያውቁ ሰዎች ስለ እኛ ይወስናሉ።

አሁን ወደ ውጤቱ እንምጣ፤ የዚያን አባት ቤት ኀዘን ያስገባው ይኸው ነው። የባግሩት ትምህርት በየሂዶት ይለካል። ሒሳብና እንግሊዝኛ በሦስት፣ በአራት ወይም በአምስት የሂዶት ይሰጣሉ። ለተዑዳው ቢያንስ 21 የሂዶት ያስፈልጋሉ፤ ማለፊያውም 55 ነው። ሦስት ሦስት የሂዶት የተማረ ልጅ ተዑዳውን ሊያገኝ ይችላል። ዩኒቨርሲቲዎች ግን እንግሊዝኛ ቢያንስ አራት የሂዶት ይፈልጋሉ፤ ለምሕንድስናና ለመሳሰሉት ደግሞ ከፍ ያለ ሒሳብ ይጠየቃል። በማኅበረሰባችን ውስጥ ተዑዳ ከሚያገኙት ልጆች መካከል የዩኒቨርሲቲውን መስፈርት የሚያሟሉት ያነሱ ናቸው። ስለዚህ «ልጄ ባግሩት አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ብቻ አይበቃም፤ «ምን ዓይነት ባግሩት?» በሉ።

ይህ የሚወሰነው በአሥራ ሁለተኛ ክፍል አይደለም። በመካከለኛ ደረጃ ልጆች ሃክባጻ በሚባሉ ቡድኖች ይከፈላሉ። ቋንቋ ገና ያልገባው ብልህ ልጅ ጥያቄውን ማንበብ ስላቃተው ብቻ በዝቅተኛው ቡድን ሊገባ ይችላል። በዚያ ከቆየ ሌሎቹ ወደፊት ይሄዱና ርቀቱ ይሰፋል። ስለሆነም ከሰባተኛ እስከ ዘጠነኛ ክፍል ባሉት ዓመታት በየሴሚስተሩ መጨረሻ ሦስት ነገር ጠይቁ። አንደኛ፣ ልጄ በየትኛው ሃክባጻ ነው? ሁለተኛ፣ ወደ ላይ ለመውጣት ስንት ማምጣት አለበት፣ እስከ መቼ? ሦስተኛ፣ ለዚህ ትምህርት ቤቱ ምን እርዳታ ይሰጠዋል? መልሱን በጽሑፍ ተቀበሉ። ለአዲስ ገቢ ተማሪዎች በባግሩት ላይ እንደ ተጨማሪ ሰዓት ያለ ልዩ አስተያየት እንዳለም ዮዔጸቷን፣ የተማሪዎች አማካሪዋን ጠይቁ። የራሳችን አማርኛም በባግሩት የሚፈተኑበት ትምህርት ነው።

ሌላም አደራ አለኝ። ልጃችሁ ለሒኑኽ መዩሓድ፣ ለልዩ ትምህርት ይታይ ተብላችሁ ወደ ኮሚቴ ከተጠራችሁ በምንም ምክንያት አትቅሩ። በእውነት የሚረዳው ልጅ አለ፤ እርሱን መከልከል በደል ነው። ችግሩ ቋንቋ ብቻ የሆነ ልጅም አለ። ልጁ በአማርኛ እንዴት እንደሚያስብና እንደሚናገር የምታውቁት እናንተ ናችሁና ተናገሩ። በ2018 የተሻሻለው ሕግ ልዩ ትምህርት ይገባዋል የተባለ ልጅ በየት ዓይነት ክፍል እንደሚማር የመምረጥ መብት ለወላጅ ሰጥቷል። በኮሚቴው ውሳኔ ካልተስማማችሁም በ21 ቀን ውስጥ ይግባኝ ማለት ትችላላችሁ።

በመጨረሻም፣ ልጃችሁ ስለ ራሱ ጉዳይ አስተርጓሚ አይሁን። አሥራ ሦስት ዓመት የሆነው ልጅ መጥፎውን ወሬ ለእናቱ ይተርጉም ማለት በልጁም በእናቱም ላይ መፍረድ ነው። ትምህርት ቤቱ አማርኛ የሚችል መጋሸር እንዲያቀርብ ጠይቁ፤ ከሌለም የምታምኑትን ዘመድ ይዛችሁ ሂዱ። ሳይገባችሁ አትፈርሙ። «ቤት ወስጄ አስነብቤ ነገ አመጣዋለሁ» ማለት ነውር የለበትም።

የእኒያ አባት ልጅ አሁን መኪና በምትባለው የዩኒቨርሲቲ መሰናዶ ገብቶ ሒሳቡንና እንግሊዝኛውን እያሻሻለ ነው። አንድ ዓመት ሙሉና ብዙ ገንዘብ ሄዶበታል። ታናሽ እኅቱ ግን ዘንድሮ ሰባተኛ ክፍል ገብታለች። አባትየው በመጀመሪያው የወላጆች ስብሰባ የሥራ ልብሳቸውን እንደለበሱ ከፊት ወንበር ተቀምጠው፣ ሦስቱን ጥያቄዎች በወረቀት አጽፈው ይዘው ነበር። መሐነኸቷም አንድ በአንድ መለሰችላቸው።

እናንተም እንዲሁ አድርጉ። ልጆቻችሁን ለቁም ነገር ያብቃላችሁ። ደኅና ሰንብቱ።